በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከጓደኞቿ ጋር ስትሮጥ ያየ ሰው የልብ ሕመም አለባት ብሎ አይጠረጥርም። እሷም ራሷ አልቀበል ብላለች። በየአራት ሳምንቱ ለፔኒሲሊን መርፌ ጤና ጣቢያ ስንሄድ መንገዱ ሁሉ ክርክር ነው። «እማዬ፣ ደህና ነኝ እኮ! ለምን እወጋለሁ?» ትለኛለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ይጀምራል።

ልባችን አራት በሮች አሉት፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደም ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በሩ ሲጠብ ወይም አልገጥም ሲል ደሙ እየተጋፋ ስለሚያልፍ ከልብ ምቱ ጋር «እሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ልጆች ላይም ይሰማል። የሚለየው በልብ አልትራሳውንድ ነው።

ልጄን ሆስፒታል የወሰድኳት ዛሬ ጉልበቷን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቷን እያመማት በትኩሳት ስለተኛች ነበር። ሐኪሙ ግን ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ምርመራው የግራውን የልብ በር መጎዳት አሳየ። ከሳምንታት በፊት ጉሮሮዋን አሟት እንደነበር ጠየቀን። አዎ፣ አሟት ነበር።

የቶንሲል ሕመም የሚያመጣው አንዱ ባክቴሪያ ካልታከመ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ የገዛ ልቡን በሮች ሊያጠቃ ይችላል። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል። መርፌው የተጎዳውን አይጠግንም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይደርስ ይጠብቃል። ደህና የሆነችውም ስለምትወጋ ነው።

መርፌው ያማል፤ አውቃለሁ። ግን በክትትል ቀን ወረፋ ስንጠብቅ፣ ትራስ ደራርበው ካልተደገፉ መተኛት የማይችሉ ልጆችን አይቻለሁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውን የልብ ማዕከል ደጅ የሚጠብቁ ወላጆችንም እንዲሁ። በሩ በብረት ቢቀየር እንኳ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥ፣ ደምን በየጊዜው ማስመርመር አለ። ነገ ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት ደግሞ ይህ መድኃኒት ሌላ ፈተና ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሟን ጉሮሮውን አመመው። አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» አሉ። እንጥል መቁረጥ ደም ከማፍሰስና ሌላ ቁስል ከመፍጠር በቀር ባክቴሪያውን አይገድለውም። በአክብሮት «እማማ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» ብዬ በዚያው ቀን ወሰድኩት። መድኃኒት ታዘዘለት። በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳ ወጣ፤ እኔ ግን የ10 ቀኑን መድኃኒት አንድም ሳላጎድል ጨረስኩለት።