አፎት የሌለው ገጀራ

በከፋ ጫካ ሦስት ሌሊት ለማደር ከቦንጋ ስንነሣ፣ ገጀራውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከድንኳኑ ጋር ያሰርሁት እኔ ነበርሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ለደረሰው ነገር ተጠያቂ ቢፈለግ ከእኔ በቀር ሌላ አልነበረምና።

ደኑ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከመዘገበው አካባቢ ነው። በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ሐረጉ ከግንድ ወደ ግንድ ይሳባል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ይንጠባጠባል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ያለ ገጀራ ማደር አይታሰብም። የወደቀ እንጨት ይፈለጥበታል፤ ካስማ ይሾልበታል፤ በመንገድ ላይ የተጋረደ ሐረግ ይቆረጥበታል።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ መንገድ መሪያችን የነበረው ወጣት ሸክሙን ሊያነሣ እጁን ከሥር ሰደደ። ስለቱ ግን ሌሊቱን ከረጢቱን ቀድዶ ወጥቶ ኖሯል። መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር ጀምሮ ተለተለው። በነጠላዬ ጠፍረን አሰርንለት። «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለኝ፤ ደሙ ግን በነጠላው ላይ እየሰፋ ሄደ። ቁስሉ የተሰፋለት ከጫካው ከወጣን በኋላ ነው።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ለገጀራው አፎት ልሠራለት ቆረጥሁ። ከመርካቶ የበሬ ቆዳ ገዛሁ፤ በስለቱ ልክ አጥፌ ዳር ዳሩን ሰፋሁት። መልኩ ያምር ነበር። ገጀራውን ሦስት ጊዜ ብከተውና ብመዘው ግን ክሩ ከውስጥ ተቆራርጦ ስፌቱ እንደ ከንፈር ተከፈተ።

በሰፈራችን ኮርቻና ጫማ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ሥራዬን ይዤላቸው ሄድሁ። አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ አንተ የሰፋኸው ለዓይንህ ነው፤ ለገጀራው አልሰፋህለትም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳዩኝን ሁሉ በዝርዝር ብጽፈው ደስ ይለኛል፤ በጣቶቻቸው እንጂ በቃል ያስተማሩኝ ጥቂት ነውና። በሁለቱ ቆዳዎች መካከል፣ በስለቱ በኩል፣ የጣት ስፋት ያለው ሦስተኛ ቆዳ መግባት ይኖርበታል፤ ስለቱ በዚያ ላይ ያርፋል እንጂ ክሩን አይነካም። ቀዳዳው በወስፌ አስቀድሞ ይበሳል። በሰም የታሸ አንድ ረጅም ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይያዝና፣ መርፌዎቹ በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ዙር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የገጀራ ችግር ደግሞ ሆዱ ወደ ጫፉ መሆኑ ነው። ለሆዱ የሚበቃ አፍ ለወገቡ ይሰፋዋል፤ ለወገቡ የሚበቃው ሆዱን አያሳልፍም። ስለዚህ በጀርባው በኩል ከአፉ እስከ እኩሌታው ሳይሰፋ ይተውና በሁለት ጠፍር ይታሰራል። ከሁሉ በኋላ ቆዳው ለብ ባለ ውኃ ይርሳል፤ ገጀራው እንዳይዝግ ሞራ ተቀብቶና በላስቲክ ተጠቅልሎ ይገባበታል፤ ቆዳው የስለቱን መልክ እስኪይዝ በእጅ ይታሻል፤ በጥላም ይደርቃል። ፀሐይ ያገኘው እንደሆነ ይሰነጠቃል። በጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንድተው ያዘዙኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። «ዝናብ አገር አይደል የምትሄደው? የገባው ውኃ በየት ይውጣ?» አሉኝ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ቡና እንዲጠጡ ወደ ቤቴ ጋበዝኋቸው። መጡ፤ ነገር ግን ከደጃፉ ገባ ብለው በመድረኩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ወደ ውስጥ እንዲያልፉ ብለምናቸው፣ «እዚህ ይሻለኛል» ብለው ዝም አሉ።

ያን ጊዜ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። ቆዳ የሚያለፉት ሰው ሲመጡ ቡና የሚቀርብላቸው ጆሮው በተሰበረ ስኒ ነበር፤ ስኒውም ከሌሎቹ ተለይቶ በመስኮቱ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። በአያቴ ቤት ስድብ አልተሰማም፤ ስኒው ግን ከመስኮቱ አልወረደም። እኔም ልጅ ሳለሁ ያን ስኒ አንድ ቀን በስሕተት ባነሣው እጄን እንድታጠብ ተልኬ ታጥቤአለሁ።

ዱካዬን አንሥቼ ከአዛውንቱ አጠገብ፣ ከደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስቱንም ቡና እዚያው ጠጣን። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

በተከታዩ ዓመት ገጀራውን ከነአፎቱ ይዤ ቦንጋ ወረድሁና ለወጣቱ ሰጠሁት። ጠባሳው ከአውራ ጣቱ ሥር ነጭ ሆኖ ይታያል። ገጀራውን መዘዘ፤ መልሶ ከተተ፤ እንደገና መዘዘ። በስፌቱ ላይ ጣቱን እያስኬደ፣ «ማን ሠራው፣ ጋሼ?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኔ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። «የሰፈራችን ቆዳ ሠሪ ናቸው፤ እኔ መርፌውን ያዝሁ እንጂ» አልሁት።

«እጃቸው ይባረክ» አለና አፎቱን በትከሻው አንግቶ ፊት ፊት መራን።