«እኩል ከሰርን»

ቤይሩት፣ ዶራ ላይ እሑድ እሑድ የምንገናኝ ሰባት ኢትዮጵያውያት ዕቁብ ነበረን። ዳኛዋ እኔ ነኝ። በወር መቶ መቶ ዶላር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣላት 700 ትወስዳለች።

አንድ ቀን ቡና ሳቀርብለት የምሠራበት ቤት ጌታ፣ ሚስተር፣ «ዕጣሽን በስሜ ባንክ ላስቀምጥልሽ፣ ከመቶ ሰባት ወለድ አለው» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ ከዕቁቡ ሁለት ልጆችን አግባብቼ የእነሱንም አስጨመርኩ። «እትዬ፣ አንቺ ካልሽ» አሉኝ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ለፋሲካ ሚስተር 50 ዶላር በእጄ ሲያስጨብጠኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለልጆቹ ግን አልተናገርኩም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2019 በዋትስአፕ ጥሪ ላይ ክፍያ ሊጣል ነው ተብሎ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ባንኮች ሁለት ሳምንት ገደማ ተዘጉ፤ ሲከፈቱ ዶላር የለም። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባንኮቹ በወለድ ያማለሉትን የሰው ዶላር ለማዕከላዊው ባንክ ያበድሩ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሊራን በ1,507 ተኩል ቆልፎ ለማቆየትና የመንግሥትን ጉድለት ለመሸፈን ይበትነው ነበር። የአሮጌው ወለድ የሚከፈለው አዲስ በገባው ገንዘብ ነበር። ዕቁብ እንኳ ዋስ አለው! ፓርላማው ከባንክ የሚወጣውን ገንዘብ የሚገድብ ሕግ ሳያወጣ ዓመታት አለፉ፤ እያንዳንዱ ባንክ እንዳሻው ቆንጥሮ ይሰጥ ነበር። በወረቀት ብቻ ያለውን ዶላር ሰዉ «ሎላር» አለው።

አደባባዩ «ክሉን ያዕኒ ክሉን» እያለ ይጮኻል፤ ሁሉም ማለት ሁሉም። ሚስተርም ሰገነት ላይ ወጥቶ ድስት ይደበድባል (ድስቱን የማጥበው እኔ ነኝ)። ሳሎኑ ውስጥ ግን የወገኑ መሪ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን እወለውላለሁ። «እሱም ከሁሉም ነው?» አልኩት። «እሱማ ሌሎቹ አላሠራ ብለውት ነው» አለኝ። ጎረቤትየው ቤት የተሰቀለው ፎቶ ሌላ ነው፤ መልሱ ግን ያው። መሪዎቹ አንድ ካቢኔ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ኖረው፣ በየሳሎኑ አንድ አንድ ንጹሕ ይተርፋል።

በልቤ ሳቅሁባቸው። እሑድ ዶራ ስደርስ ታናሿ «እትዬ፣ ብራችንስ?» አለችኝ። «እኔ ምን ላድርግ፣ ባንኩ በላው» አልኳት።

በ2020 የበጋ ሙቀት ሚስተር 2,100 ዶላራችንን በ1,507 አስልቶ በሊራ ቆጥሮ ሰጠኝ። መንገድ ላይ አንድ ዶላር 8,000 ሊራ ገደማ ገብቶ ነበር፤ ያ ሁሉ ገንዘብ 400 ዶላር አልሞላም። ለሦስት አካፍዬ «እኩል ከሰርን» አልኳቸው። እኩል! ለካ እኔም በሆዴ አንድ ፎቶ ሰቅዬ እወለውል ነበር። መንግሥት፣ ማዕከላዊ ባንክ፣ ባንኮችና አስቀማጮች ኪሳራውን ማን ይሸከም እያሉ ዓመት ከዓመት ሲጓተቱ ስሰማ ያቺ ቃሌ ጆሮዬ ላይ ትጮኽብኛለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ከሻይ ቤቴ ገቢ ቀስ በቀስ መክፈል ጀመርኩ። ታናሿ አገር ቤት ስትገባ መጣችና የመጀመሪያውን ተቀብላ፣ ሳታመሰግነኝ፣ «የቀረውን ጻፊልኝ» አለች። የደብተር ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። አነበበችው።

«ይቺ 50 ዶላር ደግሞ የምንድን ናት?»

ሻዩን ከፊቷ አነሳሁና ተቀምጬ ነገርኳት።