የናሙናዎቼ ዕድሜ

አክስቴ የልብ ቫልቭ ከተተከለላቸው ስምንት ዓመት ሆኗል። በልጅነታቸው የያዛቸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ማይትራል ቫልቫቸውን አበላሽቶት ስለ ነበር በምትኩ ሜካኒካል ቫልቭ ገባላቸው። ቫልቩ እስካሁን ያለ እንከን ይሠራል። ሆኖም ደማቸው በባዕዱ ገጽ ላይ እንዳይረጋ በየምሽቱ ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ የመድኃኒቱም መጠን በአይኤንአር ምርመራ ይስተካከላል። ውጤቱ ከ2.5 ሲወርድ የመርጋት፣ ከ3.5 ሲያልፍ የመድማት ሥጋት ይጨምራል። ጾም ሲገባ ጎመን በገበታቸው ላይ ይበዛል፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። በእኛ ቤት ሁዳዴ ሲነሣ አይኤንአርም አብሮ ይነሣል።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ርእስ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይህ የምትሠሪው ነገር ክኒኑን ያስጥለኛል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የምሠራው ሽፋን ወደፊት ለሚሠሩ ተካዮች እንጂ በደረታቸው ውስጥ ላለው ቫልቭ እንደማይሆን አውቃለሁ። ይህን ማለት ከብዶኝ «ገና ነው» አልኳቸው።

ደም ባዕድ ገጽ ሲነካ ቀድሞ የሚደርሰው ሕዋስ አይደለም። በሰከንዶች ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ገጹን ይለብሱታል። ከእነርሱ አንዱ ፋይብሪኖጅን ሲሆን፣ ቅርጹን ለውጦ ከተጣበቀ ፕሌትሌቶች እርሱን ይዘው ይሰፍራሉ፤ ቀጫጭን እግር እያወጡ ይዘረጋሉ፤ ሌሎችንም ይጠራሉ። ስለዚህ ገጽን በናኖሜትር ደረጃ መቅረጽ ፕሮቲኖቹ እንዴት እንደሚያርፉ ለመወሰን የሚደረግ ሙከራ ነው። ፕሌትሌት ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ስፋት ስላለው 100 ናኖሜትር ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ በጠርዞቹ ላይ ብቻ ያርፋል። ቀዳዳው ሲሰፋ የሚይዘው ቦታ ያንሰዋል ብዬ ነበር የተነሣሁት።

የሜካኒካል ቫልቭ ቅጠሎች በአብዛኛው ከፓይሮሊቲክ ካርቦን ይሠራሉ። እኔ የሠራሁት ግን በታይታኒየም ነው፤ በደም መግፊያ ፓምፖች ውስጥ ስለሚያገለግልና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለተገኘ። ታይታኒየሙን ፍሎራይድ ባለበት ኤሌክትሮላይት ውስጥ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉበት ገጹ ላይ የቆሙ የኦክሳይድ ቱቦዎች ይበቅላሉ፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ቱቦው ይሰፋል። የ20 ቮልት ናሙናዎቼን በአንድ ሳምንት ጨረስሁ። የ60 ቮልቶቹን ስጀምር መብራት ጠፋ። በመካከል የተቋረጠ ናሙና ቱቦው ወጥ ርዝመት ስለማይኖረው ጣልኋቸው፤ እንደገና ሠርቼ በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማጋገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ለጋሽ በተወሰደ ደም ፈተንኋቸው። ጥንቃቄ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ውጤቱ የተመኘሁት ሆነ። በሰፋፊዎቹ ቱቦዎች ላይ የተጣበቁት ፕሌትሌቶች በግልጽ ያነሱ ነበሩ፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥዕሎቹም ክብ እንደ ሆኑ ይታዩ ነበር። ደስታዬን ለመግለጽ ለአክስቴ ስልክ ደወልሁ። ይህን ባላደርግ ይሻል ነበር።

በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ «ናሙናዎቹ የተሠሩት መቼ መቼ ነው?» አለኝ። መልሱን እየሰጠሁ ሳለ ራሴ ሰማሁት። ጠባቦቹ ሲፈተኑ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበራቸው፤ ሰፋፊዎቹ የሁለት ቀን። ታይታኒየም ኦክሳይድ ከፈርነስ ሲወጣ ውሃን በጣም ይወዳል፤ ጠብታው ተንጣሎ ይጠፋል። በአየር ውስጥ ሲቆይ ግን የካርቦን ውሕዶች ቀስ በቀስ ይለብሱትና ውሃን መግፋት ይጀምራል። በማግስቱ ለካሁ። አዲሶቹ ናሙናዎች፣ ጠባብም ሰፊም ቢሆኑ፣ የንክኪ አንግላቸው ከ10 ዲግሪ በታች ነበር። የቆዩት 60 አካባቢ ደርሰዋል። እኩል ዕድሜ ያላቸውን ሠርቼ ሙከራውን ስደግም በቱቦ ስፋት ምክንያት ያየሁት ልዩነት አብዛኛው ጠፋ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ጻፍሁት። አዲሱ ምዕራፍ ከቀደመው ያነሰ ነገር ይናገራል፤ ጥያቄው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ተካይ መሣሪያ ከፋብሪካ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ታካሚ አይገባም። በእንፋሎት ወይም በጋዝ ይመከናል፤ ታሽጎ በመጋዘን ይቆያል፤ ባሕርም ያቋርጣል። ከፈርነስ በወጣ በሁለተኛው ቀን የተለካ ገጽ ቀዶ ሐኪሙ እጅ ሲደርስ ያው ገጽ ነው ወይ? በሌላ በኩል ሽፋን የታሰበለትን ብቻ እንደማይሠራ ከታወቁ ምሳሌዎች አንዱ ሲልዞን ነው። ኢንፌክሽንን እንዲከላከል የቫልቭ መስፊያ ጨርቅ በብር ተሸፍኖ ነበር፤ በቫልቩ ዙሪያ የደም ማፍሰስ በዝቶ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ ተሰበሰበ።

አክስቴን ባለፈው ሳምንት አግኝቻቸው ነበር። ስልክ ደውዬ ያበሠርኋቸው ነገር እንዳልሆነ ነገርኋቸው፤ ሽፋኑ ቢሳካም ለእርሳቸው እንደማይደርስም በመጨረሻ ተናገርሁ። «እሱንማ ያን ጊዜ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ከዚያም የአይኤንአር ደብተራቸውን አወጡ። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ቀኑ፣ ክኒኑን የወሰዱበት ሰዓት፣ ጎመን የበሉበትም ዕለት ተጽፏል። እኔም አሁን በየናሙናው ሳጥን ላይ ከፈርነስ የወጣበትን ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ።