በሶፍ ዑመር ዋሻ ጣሪያ ሥር

ከሮቤ ተነስቶ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሙቀቱን ነው። የባሌ ደጋ ያስለበሰንን ጋቢ መንገድ ላይ አወለቅነው። ሸለቆው ውስጥ ሲደረስ የወይብ ወንዝ ከነውኃው ድንጋይ ውስጥ ይገባል። ውኃው የኖራ ድንጋዩን ሲቦረቡር ኖሮ 15.1 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ሠርቷል፤ በአገራችን ረጅሙ ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር እዚህ ይጸልዩ እንደነበር ይነገራል፤ ምእመናንም እስከ ዛሬ ለዝያራ ይመጣሉ። ስለዚህ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ገባን።

ዓምዶቹን ብዙ ሰው ጽፎላቸዋል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ጣሪያው ነው። መሪያችን ባትሪውን ወደ ላይ ሲያበራ የሌሊት ወፎቹ ቁልቁል ተንጠልጥለው ታዩ። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገ። መሪያችን ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው።

«ማዘር፣ ነርስ ነበርኩ ስላሉኝ ልጠይቅዎት። ሴት ልጄን ወባ ጥሏት ነበር። ከእነዚህ ነው የሚመጣው ይባላል። በጭስ እናስወጣቸው የሚሉም አሉ።»

ሰውየው የተሳሳተ ነገር አልጠየቀም። የሌሊት ወፍ ደም ውስጥ የወባ ዘመዶች በእርግጥ አሉ። ጣሊያናዊው ሐኪም ዲዮኒሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካያቸው ወዲህ ብዙ ዓይነት ተገኝቷል። ፖሊክሮሞፊለስ የሚባለውን ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚያሻግረው ትንኝ አይደለም፤ ፀጉራቸው ውስጥ የሚኖር፣ ሸረሪት የሚመስል ክንፍ አልባ ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ ከእነሱ ርቆ አይኖርም፤ እኛን ፍለጋም አይመጣም።

ፍራፍሬ በሚበሉት ላይ የሚገኘው ሄፓቶሲስቲስ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይገርመኛል። እኛን የሚያንቀጠቅጠን ወባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እየተራባ ሕዋሱን ያፈርሳል፤ ብርዱና ትኩሳቱ ከዚያ ይመጣል። ሄፓቶሲስቲስ ይህን ትቶታል። የሚራባው ጉበት ውስጥ ነው፤ ወደ ደም የሚልከው በነፍሳት ተመጥጠው የሚሄዱትን ብቻ ነው። የዘር ጥናቱ እንደሚያሳየው የመጣው ደም ውስጥ ከሚራቡ አያቶች ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የወባ በሽተኛ ሳስታምም ለኖርኩ ሴት፣ ከወባ ዘር እንዲህ ያለ መብቀሉ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ ተረት የሌሊት ወፍን ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች ይላታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከጊኒ፣ ከላይቤሪያና ከኮትዲቯር የተያዙ የሌሊት ወፎችን ደም የመረመሩ ሰዎች ያገኟቸው አንዳንድ ተሕዋስያን ከአይጥ ወባ ጋር የቅርብ ዘመድ ሆነዋል። ተረት አዋቂዎቻችን ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ለመሪያችን ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም። «የእነሱ ወባ የእነሱ ነው፤ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም። የልጅህን ወባ ያመጣው ከሌላ ሰው ደም የመጠጠ ትንኝ ነው» አልኩት። ጭሱ ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ ነፍሳት የሚለቅሙልንን ያባርራል፣ የደነገጡትንም ሰው ላይ ይጥላል።

ይህ ማለት ግን እንደ ጫጩት ይታቀፉ ማለት አይደለም። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ብትወድቅ ላንሳት?» ሲለኝ የመለስኩለት አንድ ቃል ነው፤ «አትንካ።» የእብድ ውሻ በሽታንና ዘመዶቹን የሚሸከሙ አሉ። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ፣ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ያኔውኑ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ኩሳቸው የተከመረበት ደረቅ ጥግ ላይም ልጅ አቧራ እያስነሳ አይሩጥ፤ ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ይኖርበታል።

ከዋሻው ስንወጣ መሪያችን ቤቱን እንዳይለት ለመነኝ። አጎበር አላቸው። ከጓሮ ግን ቤቱን ሲመርጉ ጭቃ ያወጡበት ጉድጓድ ውኃ አቁሯል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የወባ ትንኝ ዕጭ እንደ ሌላው ትንኝ ዕጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ አይንጠለጠልም፤ ከውኃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ ይጋደማል። እነዚያ ተጋድመው ነበር። ልጅቷ ከበሩ ሆና ታየናለች። ጉድጓዱን ለአባቷ አሳየሁት፤ ሌላ ሳይጠይቀኝ አካፋ ሊያመጣ ገባ።