ውሻው ተያዘ ስንል

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ውሻ ደም ምርመራ ምን አገባችሁ የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ከቃል የተነሣ ስለሆነ ያገባናል። ከእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ጋራ በአንድ ገበታ ስንበላ የካላዛር ነገር ተነሣና «ከምርመራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ «ምኑን ለማወቅ?» ብለው መለሱልን። ይህን መልስ ስናብሰለስለው ከርመናል።

በአማርኛ «በሽታ ያዘው» ስንል ተሐዋሲው ገባበትም፣ ታመመም ማለታችን ነው። በውሻ ካላዛር ግን ሁለቱ ለዓመታት ተለያይተው ሊኖሩ ይችላሉ። ተሐዋሲው በሰውነቱ ውስጥ እያለ ውሻው ሳይከሳ፣ ጠጉሩም ሳይረግፍ ሲቦርቅ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው።

በዕድሜ የሚቀድመው ማይክሮስኮፕ ነው። ሻርል ኒኮል እና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1908 በቱኒስ ከተማ ተሐዋሲውን በውሾች ላይ ያገኙት በዚሁ መሣሪያ ነው። ከመቅኔ ወይም ከንፍፊት የተወሰደው ናሙና በመስተዋት ላይ ተቀብቶ ቀለም ይነከራል። ተሐዋሲው ራሱ ከታየ ክርክር የለም። ባይታይ ግን የለም ማለት አይደለም፤ ምልክት በሌለው ውሻ ላይ ቍጥሩ አነስተኛ ስለሚሆን ያመልጣል።

ሁለተኛው ወገን፣ ማለት ኢላይዛና በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራ፣ የሚፈልገው ተሐዋሲውን ሳይሆን የውሻው ደም ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ይህ ዱካን እንጂ ሌባውን ማየት አይደለም። በቅርብ የተያዘ ውሻ ገና ዱካ አይኖረውም፤ የሌላ ተሐዋሲ ዱካም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል።

ሦስተኛው ፒሲአር የተሐዋሲውን ዘር አባዝቶ ያሳያል። ከዘሩ አንዱ ክፍል በአንድ ተሐዋሲ ውስጥ እስከ 10,000 ጊዜ ያህል ተደጋግሞ ስለሚገኝ ጥቂቱም አይሰወርም። ሆኖም መኪናና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በመቅኔ የሚያገኘውን በደም ሊያጣው ይችላል። ውሻው ነገ ይታመም እንደሆነም አይናገርም።

ውሻው በሽታውን ያስተላልፍ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ንጹሕ የአሸዋ ዝንቦች ደሙን እንዲመጡ አድርጎ ዝንቦቹን መመርመር ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ላቦራቶሪ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የምሁራን ጨዋታ እንዳይመስል ብራዚልን እንመልከት። በዚያ አገር ውሻ የተሐዋሲው ዋና ጎተራ ስለሆነ፣ በምርመራ የተገኘበት ውሻ ለብዙ ዓመታት ሲገደል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፈጣኑ ምርመራ የተገኘው በኢላይዛ እንዲረጋገጥ ተደረገ፤ በ2016 ደግሞ ለውሾች የሚሆን መድኃኒት ተፈቀደ። ሁለት ምርመራ ለምን ቢባል፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ1,000 ውሾች የተያዙት 10 ናቸው እንበል። ምርመራው ከ100 ጤነኞች 95ቱን በትክክል ቢለይ እንኳ፣ ከ990ዎቹ ጤነኞች 50 ያህሉ በሐሰት ይከሰሳሉ። ከእውነተኞቹ 10 ይልቅ የሚበዙት በሐሰት የተከሰሱት ናቸው ማለት ነው።

በሌባሻይ ዘመን መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። አንድ ምርመራ ብቻውን ሲፈርድ ከዚያ ብዙም የሚርቅ አይመስለንም።

በእኛ አገር በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ካላዛር የቀን ሠራተኛውን ሲገድል ኖሯል። በዚያ በሽታው በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው በዝንብ እንደሚተላለፍ ይታመናል። እንግዲህ በአንድ ውሻ ደም ዱካ ተገኘ ተብሎ መርዝ ለመበተን መቸኰል ውሻውንም መበደል፣ ሠራተኛውንም መርሳት ነው። ላቦራቶሪው «አለ» ሲለን «ምኑ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ደግሞ የሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ሥራ አይደለም።