«ጋምቤላ ምን ኮረብታ አላት?»

ዛሬ ደግሞ ይህ ጥያቄ ሲዘዋወር ዋለ። ከኢሉባቦር ቁልቁል ወርዶ ሜዳውን ላየ ሰው ተገቢ ይመስላል፤ ከተማዋ ራሷ 526 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እኔ ግን ከፍታ ዋጋ የሚያወጣው ዝርግ አገር ላይ ነው ባይ ነኝ። የባሮ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ከኢታንግ እስከ ጅካዎ ያለው ሜዳ ውሃ ይለብሳል፤ ያኔ አንዲት ጉብታ ቤትንም ከብትንም ታተርፋለች። ኑዌሮች ክረምቱን ከፍ ባለው መሬት ላይ የሚያሳልፉት፣ በጋ ሲሆን ከብቱን ይዘው ወደ ወንዝ የሚወርዱት ለዚህ ነው። ይህን ያልቆጠረ ዕቅድ ምን እንደሚገጥመው ሌችዎር የስደተኞች ጣቢያ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያ ሰፈሩ፤ ክረምቱ ሲገባ ጣቢያው በውሃ ተዋጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በቀጣዩ ዓመት ወደ ጀዊ ጣቢያ ተዛወሩ። ያ ሁሉ ልፋት ሁለቴ ተለፋ።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ መለኪያችን ነው። ከፍታ ሲባል የሚታየን ራስ ደጀን ብቻ ነው፤ ከስሜን ተራሮች ጋር አወዳድረን «ሜዳ ነው» ካልን በኋላ ጉብታዋን የሚፈልጋት የለም። በሰሜን ጀርመን ማዕበል የሚያጥለቀልቃቸው ሃሊገን የሚባሉ ዝቅተኛ ደሴቶች አሉ፤ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን የሚሠሩት በሰው እጅ በተቆለለ የአፈር ጉብታ ላይ ነው። እነሱ ለዘመናት የለፉበትን ለእኛ ተፈጥሮ እዚህም እዚያም አስቀምጣልናለች፣ እኛ ግን አንቆጥረውም!

«ግድብ ይሠራና ጎርፉ ይቁም» የሚሉ አሉ። ግድቡ ይሠራ፤ ግን ጎርፉ ጠላት ብቻ አይደለም። አኙዋኮች ውሃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ የበጋው ግጦሽም የዚያው ውሃ ነው። «ታዲያ ሕዝቡ ወንዙን ትቶ ጉብታ ላይ ይጨናነቅ?» አላልኩም። እርሻው ታች ይሁን። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የእህል መጋዘኑ ግን ከፍ ያለው መሬት ላይ ይሁኑ፤ መሬቱም ለባለሀብት ወይም ለድንጋይ ማውጫ ከመሰጠቱ በፊት ለእነዚህ ይከለል። ቦታ መረጣውም በጥር ሳይሆን በነሐሴ ይደረግ፤ ያኔ ውሃ ያልደረሰበት መሬት በዓይን ይታያል። በነሐሴ መኪና አይገባም ይባል ይሆናል። በጀልባ ይገባል።