ውሻ በየዓመቱ መከተብ አለበት?

ቡናው ቀርቧል፤ ዛሬ ስለ ውሾቻችን እንጫወት። ውሻ ያላቸው ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «አምና አስከትቤዋለሁ፤ ዘንድሮም አምጣው ይሉኛል። በየዓመቱ መወጋቱ ግድ ነው?» ይላል አንዱ። «መርፌ በዛበት፤ ሌላ መላ የለውም?» ትላለች ሌላዋ። ሁለቱም ውሻቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። እንግዲህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላጫውታችሁ።

መልሱ እንደ በሽታው ይለያያል። ሁሉንም «ክትባት» ብለን በአንድ ስም ብንጠራውም ውሻው የሚወጋው ለተለያዩ በሽታዎች ነው። አንዱ ክትባት የሚሰጠው መከላከያ ለዓመታት ይዘልቃል፤ ሌላው ዓመት ገደማ ሲሆነው ይዳከማል። ስለዚህ «በየዓመቱ ሁሉንም» የሚለውም፣ «አንዴ ከተከተበ ይበቃዋል» የሚለውም ልክ አይደለም።

ከከፋው እንጀምር፤ ከእብድ ውሻ በሽታ። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ሰውም ይሁን ውሻ፣ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይጫወታል፤ ሲነከስም ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ሀገራችንም በአፍሪካ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጎዱት አንዷ ናት።

ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የምንለው ሰፈርም ስሙ የመጣው ከዚሁ ሳይንቲስት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቀድሞ በፓስተር ስም ይጠራ ነበርና። በዕድሜ የገፋችሁ አንባቢዎች ውሻ የነከሰው ሰው እዚያ እየተመላለሰ ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ ሲወጋ ታስታውሳላችሁ። ያ ክትባት የሚዘጋጀው ከበግ አንጎል ነበር። የዛሬው ክትባት በጥቂት ቀጠሮ ክንድ ላይ ይሰጣል። ያም ሆኖ ከሁሉ የሚቀለውና የሚረክሰው መንገድ ነካሹ ውሻ አስቀድሞ እንዲከተብ ማድረግ ነው።

ለእብድ ውሻ በሽታ ቡችላው 12 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ይከተባል፤ ልክ በዓመቱ ይደገምለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጠሮ በክትባቱ ዓይነትና በሀገሩ ሕግ ይወሰናል። ለ1 ዓመት የሚሠራ ተብሎ የተመዘገበ አለ፤ ለ3 ዓመት የተመዘገበም አለ። ስለዚህ ሐኪሙን «የወጋኸው የስንት ዓመቱን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካርዱ ላይም አስጽፉት። የ1 ዓመቱ ከሆነ በዓመቱ መመለስ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

«የኔ ውሻ ከግቢ አይወጣም» የሚለውን ምክንያት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ውሻው ባይወጣም ሌላው ይገባል። በር ሲከፈት የሰፈር ውሻ ይገባል፤ አጥር ዘሎ ድመት ይመጣል። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ጠባቂ ውሻ ደግሞ በአጥሩ ክፍተት ከማን ጋር ሲናከስ እንዳደረ ጠዋት የሚያውቅለት የለም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። መንደር ሙሉ ውሻ በዘመቻ የሚከተበው ለምንድን ነው? ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ይሁን እንጂ የውሻ ዕድሜ አጭር ነው፤ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። አምና 70 በመቶ የነበረው ዘንድሮ ብዙ ዝቅ ይላል። ዘመቻው በየዓመቱ የሚመጣው በዋናነት ለአዲሶቹ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ በላይ የምታስተምረን ባሌ ናት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ በጠቅላላው 500 ያህል ቢቀር ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በተመታው አካባቢ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ መጣባቸው። ሁለቱም በሽታዎች ወደ ተራራው የወጡት ከእረኞች ውሾች ጋር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ለዓመታት በፈረስና በእግር እየዞሩ የገበሬውን ውሾች ሲከትቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ በአፍ የሚወሰድ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የአንድ እረኛ ውሻ መከተብ የሰውየውን ልጆች፣ ከብቶቹን፣ ከዚያም አልፎ ሌላ ቦታ የማይገኝ ፍጥረትን ይጠብቃል።

ዲስቴምፐርን ካነሳን ወደ ሌሎቹ እንለፍ። ዲስቴምፐር፣ ፓርቮ እና አዴኖቫይረስ የሚባሉት ሦስቱ የትም ሀገር ያለ ውሻ ሁሉ ሊከተብላቸው የሚገባ በሽታዎች ናቸው። ፓርቮን ቡችላ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያስታውከዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይገድለዋል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ የሞተው ቡችላ በነበረበት ግቢ አዲስ ቡችላ ሳይከተብ ማምጣት ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ቡችላው ለነዚህ ሲከተብ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተመላለሰ ይወጋል። ብዙዎች ይህን ገንዘብ ማስወጫ አድርገው ያዩታል፤ ምክንያቱ ግን ከእናቱ እንገር ጋር የተያያዘ ነው። ቡችላው በእንገሩ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ክትባቱንም ጭምር እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ በአንዱ ቡችላ በ8ኛው ሳምንት ያልቃል፤ በሌላው እስከ 16ኛው ሊቆይ ይችላል። መቼ እንደሚያልቅ በዓይን ስለማይታወቅ ነው የሚደጋገመው። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ፣ የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሰጠት አለበት። «ሁለቴ ተወግቷል» ተብሎ በ12 ሳምንቱ የተተወ ቡችላ ምናልባት አንዱም አልያዘለትም። የዓለም የትንንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ 6 ወር ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንዲደገምለት ይመክራል።

ይህ በሥርዓት ከተፈጸመ፣ ለነዚህ ለሦስቱ በየዓመቱ መወጋት አያስፈልገውም። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ከየዓመቱ ወደ የ3 ዓመቱ እንዲሻገር መክሯል፤ የዓለሙም ማኅበር ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ እንዳይደገም ይላል። ከዚህ በስተጀርባ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሹልትዝ ለዓመታት የሠሩት ምርምር አለ። እሳቸው የተከተቡ ውሾችን ከዓመታት በኋላ ለበሽታው አጋልጠው ሲፈትኑ፣ የዲስቴምፐርና የፓርቮ መከላከያ 7 ዓመት ቆይቶም ሲሠራ አግኝተውታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ በአይጥ ሽንትና ሽንቱ በነካው ውኃ ይተላለፋል፤ ሰውንም ይይዛል። የሱ ክትባት የሚሰጠው መከላከያ አጭር ስለሆነ፣ አይጥ በሚበዛበትና ውኃ በሚያቁር አካባቢ ላለ ውሻ በየዓመቱ መደገም አለበት። ብዙ ውሾች አንድ ላይ በሚያድሩበት ቤት የሚዛመተው የሳል በሽታ ክትባትም እንደዚሁ በየዓመቱ ነው፤ ብቻውን ግቢ ውስጥ ለሚኖር ውሻ ግን ላያስፈልገው ይችላል።

አሁን ወደ «ሌላ መላ የለውም?» እንምጣ። አንድ እውነተኛ መላ አለ፤ የደም ምርመራ። ታይተር ይባላል፤ በደሙ ውስጥ ለዲስቴምፐር፣ ለፓርቮና ለአዴኖቫይረስ የሚሆን መከላከያ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ጎተራው ሙሉ መሆኑን አይቶ ሸመታን እንደማቆየት ነው። ካለው በዚያ ዓመት አይወጋም፤ ከሌለው ይደገምለታል። ምርመራው ባለበት ከተማ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቀድሞ ክትባት ያሳበጠው ወይም የታመመ ውሻ ላላችሁ፣ መልካም አማራጭ ነው። የእብድ ውሻን ክትባት ግን አይተካም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ክትባቱን ነው።

ኖሶድ የሚባሉ የሆሚዮፓቲ ጠብታዎችም በውጭ ሀገር ይሸጣሉ። ከታመመ እንስሳ የተወሰደ ነገር በውኃ እየተቀጠነ፣ እየተቀጠነ የሚዘጋጅ ነው። ለፓርቮ ሲፈተን ቡችሎቹን አላዳነም፤ የዓለሙ ማኅበርም በክትባት ፋንታ እንዳይሰጥ በግልጽ ይከለክላል። እኛ ጋ ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳልና እባካችሁ አትስጡት።

ውሻ የነከሰው ሰውም ካለ ይህን ልንገራችሁ፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ጠበሉንም ጸሎቱንም አትተዉ፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን አታሳድሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ብቻ ነው።

«ክትባቱ ራሱ ቢጎዳውስ?» ለምትሉ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ውሾችን መዝገብ ያየና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ከተከተቡት 10,000 ውሾች መካከል በ3 ቀን ውስጥ ችግር የታየባቸው 38 ያህሉ መሆናቸውን አግኝቷል። ትንንሽ ውሾች በአንድ ቀን ብዙ ክትባት ሲወስዱ ችግሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ትንሽ ውሻ ያላችሁ ክትባቶቹ በተለያየ ቀን እንዲሰጡ ሐኪሙን ጠይቁ። ከተወጋ በኋላም ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትዘገዩ መልሱት።

ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሀገር «ጄኔሬተር አላችሁ? ማቀዝቀዣው እንዴት ነው የሚጠበቀው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በፀሐይ ሲዞር የዋለ ክትባት መርፌው ያው ቢሆንም አያድንም።

አሜሪካ ላላችሁ ወገኖቼም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ የተደረገለት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ የሆነባቸው ሀገራት ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ውሻችሁን ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ፣ ከአሜሪካ ሳትወጡ ክትባቱንና ሰነዱን አስተካክሉ፤ ቺፑ ከክትባቱ በፊት መግባት አለበት። እዚህ የተከተበ ውሻ ወደዚያ ሲሄድ ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ የደም ምርመራ ውጤት ወይም 28 ቀን ተለይቶ መቆየት ይጠየቃል።

እንግዲህ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ደርሰናል፤ ፍርዴን ልስጥ። የእብድ ውሻ ክትባት ቀኑን ሳያሳልፍ፣ የዲስቴምፐርና የፓርቮው በቡችላነቱ በሥርዓት ከዚያም በየ3 ዓመቱ፣ የሌፕቶው አይጥና ውኃ ባለበት በየዓመቱ። ይህን ጨዋታ ስትጨርሱ የውሻችሁን የክትባት ካርድ አውጡና የእብድ ውሻውን ቀን እዩ። ካለፈ፣ ወይም ካርዱ ከሌለ፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የጎረቤታችሁንም ውሻ አብራችሁ ብትወስዱ ሰፈሩን ሁሉ ጠቀማችሁ።